ቢላዋዬ የወደቀበት ወር

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲጋር ስጠቀልል ፀጉሬ ከጥቁር ወደ ነጭ ዞሯል፤ አንድም ቀን ግን «ኤውፌሚያ፣ የቱ መጽሐፍ ይሻልሻል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ትናንት የገቡ፣ ገና ቅጠል በወጉ ማርጠብ የማይችሉ ልጆች ይጠየቃሉ። የበር ጠባቂው እንኳ አንዴ ተጠይቋል፤ እሱ ደግሞ በሥራ ሰዓት የሚተኛ ሰው ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ስላልረገጥኩ ጆሮዬም ያልተማረ ይመስላቸዋል።

እኛ በረድፍ ተቀምጠን እንጠቀልላለን። ከፊታችን ከፍ ያለ መድረክ አለ፤ እዚያ ላይ አንባቢያችን ኢዳልሚስ ተቀምጣ በድምፅ ማጉያ ታነብልናለች። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ። መብራት ሲጠፋ በጉሮሮዋ ትጮኻለች፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ አዘውትሮ ስለሆነ ጉሮሮዋ ጠንካራ ነው። ቀድሞ በከተማው ራዲዮ የአየር ሁኔታ አንባቢ ነበረች። ስለዚህ ምንም ነገር ብታነብ ዝናብ የሚመጣ ይመስላል።

መጽሐፉን የሚመርጠው ከመካከላችን የሚወጣ ኮሚቴ ነው። ሊቀመንበሩ ሌኦኒደስ ነው። ሌኦኒደስ ሃቫና ድረስ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ድልድይ ተምሯል። በከተማችን ያለው ድልድይ አንድ ብቻ ስለሆነና እሱም እስካሁን ስላልፈረሰ፣ መጥቶ ከእኛ ጋር ሲጋር ይጠቀልላል። ክፉ ልጅ አይደለም። የሚጠቀልለው ሲጋር ግን ወገቡ ላይ ይወፍራል።

አንዴ ደፍሬ ጠይቄው ነበር።

«ኮሚቴው ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነው አሉ» አልኩት።

«አዎ፣ እማማ ኤውፌሚያ። ግን የምንፈልገው አንባቢ የሆነ ሰው ነው።»

«እኔ ምንድነኝ ታዲያ?»

«እርስዎማ አድማጭ ነዎት» አለኝ፣ ያሞገሰኝ መስሎት።

አድማጭ። የእሱ እናት ሳታገባ ጀምሮ መጽሐፍ ሲነበብልኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ኢዳልሚስ ዓይኗን ታበድረናለች እንጂ መጽሐፉን የምናነበው እኛ ነን። እሷማ ያነበበችውን የምትሰማበት ጊዜ የላትም፤ ትንፋሽ ስትቆጥብ ነው የምትውለው። ፊደል አላውቅም ደግሞ አላልኩም። የፊደል ዘመቻው ዓመት ከሃቫና የመጣች ቀጭን ልጅ ቤታችን አርፋ፣ ቀን ከእኔ ጋር ትምባሆ እየለቀመች ሲመሽ ፊደል አስቆጥራኛለች። ስሜን እጽፋለሁ፣ ይህንንም የምጽፈው በትልልቁ ነው። የመጽሐፍ ፊደል ግን ጉንዳን ነው፤ ዓይኔ ደግሞ ሞራ ወጥቶበታል።

እንግዲህ አንባቢ ነኝ ካልኩ ባለፈው ወር ያነበብኳቸውን ልናገር።

የመጀመሪያው የግድያ መጽሐፍ ነበር። በረዶ በማይጠፋበት አገር አንድ ውል አዋዋይ በገዛ ቢሮው ሞቶ ይገኛል። ገዳዩን የሚፈልግ መርማሪ ይመጣል። መርማሪው በየምዕራፉ ይበላል፤ ጥብስ ነው፣ ሾርባ ነው፣ የፖም ኬክ ነው። ማን እንዳበሰለው አልተጻፈም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሰሃን ያጠበ ሰው የለም። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰሃን አጣቢዋን ነበር፤ ለመግደል በቂ ምክንያት ነበራት። የለችም እንጂ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ባለባንክ ሲጋር ለኮሰና ግማሹን ሳያጨስ ወደ ምድጃው ወረወረው። አዳራሹ ተንጫጫ። አጠገቤ የምትቀመጠው ኔሬይዳ፣ የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት አበልጄ፣ እጇን ከሥራ አንስታ «እሱ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ግማሽ ሲጋር የሚጥል ሰው፣ ሰው ከመግደል ምን ያግደዋል?»

ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ በኋላ መርማሪው ሌላውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ምን ያህል ደደብ እንደሆነ እያየን ጠበቅነው። መጨረሻ ላይ ገዳዩ የሟቹ ወንድም ልጅ ሆኖ ተገኘ። ደራሲው ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ስህተት ያጋጥማል፤ ደራሲም ሰው ነው።

በዚያ መጽሐፍ ላይ የሥራ ኃላፊያችን ኡርባኖም ቅሬታ ነበረው። ሰዎቹ በበረዶ ላይ ሲባረሩ እጃችን አብሮ ሮጦ ኖሮ፣ በዚያን ቀን የተጠቀለለው ሲጋር በጣም ጠብቆ ጭስ አላስገባ ብሏል። ኡርባኖ ወደ መድረኩ ሄዶ «ሩጫ ያለበትን ገጽ ቀስ ብለሽ አንብቢው» አላት። ኢዳልሚስም ታዘዘች። ገዳዩ ያመለጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን በዚህ አላምንም።

ሁለተኛው የፍቅር ነበር። አንድ ሐኪም አለ፣ አንዲት የባለርስት ልጅ አለች። አባቷ ከለከለ፤ ሐኪሙ ባሕር ማዶ ሄደ፤ ከዚያ እስኪያረጅ ድረስ ደብዳቤ ጻፈላት። ናፍቆቱን ከጨረቃ ጋር ያመሳስለዋል፣ ከማዕበል ጋር ያመሳስለዋል፣ የቀረው ነገር የለም። መርከብ ላይ ግን አልወጣም። ሴቶቹ አለቀሱ። የሲጋር የላይኛው ቅጠል፣ እኛ ካባ የምንለው፣ እንባ ሲያርፍበት ነጠብጣብ ያወጣል። ስለዚህ ኡርባኖ በመሃላችን እየዞረ «ወደ ጎን አልቅሱ፣ ወደ ጎን» ይል ነበር።

«አንቺ ድንጋይ ነሽ» አለችኝ ኔሬይዳ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«መርከብ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«እኮ።»

«ባልሽ ደብዳቤ ጽፎልሽ ቢያውቅ እንዲህ አትይም ነበር።»

«ባሌ ሳይጽፍ መጣ፣ ሳይጽፍ ሄደ። ቢያንስ ወረቀት አላባከነም።»

ሦስተኛው የምክር መጽሐፍ ነበር፤ ሰው እንዴት ደስተኛ እንደሚሆን የሚያስተምር። ኮሚቴው እንድንሻሻል አስቦ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሱ አለን፤ ተነስተን ነው የመጣነው። በጥልቀት ተንፍሱ አለን፤ በዚህ ሁሉ የትምባሆ ብናኝ ውስጥ በጥልቀት ተነፈስን፣ አዳራሹ በሙሉ በሳል ተናወጠ። ከመጥገባችሁ በፊት ማዕድ ተዉ አለን፤ በዚያ ሳምንት የራሽኑ ሩዝም አልመጣ። ቀጥሎ «እምቢ ማለትን ተለማመዱ» የሚል ምዕራፍ ተነበበ።

እዚህ ላይ የቢላዋውን ነገር መናገር አለብኝ። ቅጠል የምንቆርጥበት ቢላዋ እጀታ የለውም፣ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። የተነበበው ደስ ሲያሰኘን በጠፍጣፋው ጠረጴዛውን እንመታበታለን፤ ያ ጭብጨባችን ነው። ካስጠላን ወለሉ ላይ እንጥለዋለን። ብዙ ቢላዋ የተጣለበት መጽሐፍ ይዘጋል፤ የተጣለ መጽሐፍ ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። ይህ የአያቶቻችን ሕግ ነው። ኮሚቴም፣ አንባቢም፣ ሥራ አስኪያጅም አይከራከረውም።

እና እምቢ ማለትን ተለማመዱ ሲለን ሰማነው። ገጹ ሳያልቅ ቢላዋው እንደ በረዶ ወለሉ ላይ ወረደ። ምክሩ በዚያችው ደቂቃ የተፈጸመለት ደራሲ ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ አልጣልኩም። ጥዬም አላውቅም። መጽሐፉን ወድጄው ሳይሆን ማጎንበስ ስለሚያስቸግረኝ ነው።

በመሃል አንድ ቀን የሚነበብ ስለታጣ ኢዳልሚስ ስስ የግጥም መጽሐፍ ይዛ መጣች። አነበበች፤ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። ጠበቅናት። እሷም ጠበቀችን።

«አለቀ» አለች በመጨረሻ።

«እናውቃለን» አለ ሌኦኒደስ። አላወቀም።

ከዚያ አራተኛው መጣ።

የጨው መጽሐፍ ነው። በባሕር ዳር ጨው የምትሰበስብ አንዲት ሴት አለች፤ ያላገባች፣ በዕድሜ የገፋች፣ በአባቷ ቤት ብቻዋን የምትኖር። ወንድሟ ስንት ዘመን ጠፍቶ ይመለስና ቤቱ የኔ ነው ይላታል። ወረቀት አለው። በማግስቱ ተነስታ ጨው ትሰበስባለች። እሱ መጠጥ ቤት እያደረ ለመንደሩ ሁሉ ይከሳታል፤ እሷ ጨው ትሰበስባለች። ሳምንቱ እንዲህ ሄደ። ከኋላ ረድፍ ያሉት ወጣቶች ጠዋት ሲገናኙ «ዛሬስ ምን ታደርግ ይሆን?» ይባባሉና «ጨው» ብለው ይሳሳቃሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ደራሲው አንድ ሙሉ ገጽ ስለ እጇ ጻፈ። ጨው የበላው እጅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ሲሉ በሌላው እጇ አንድ በአንድ እንዴት እንደምታጥፋቸው። ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ስሰማ በመጽሐፍ ውስጥ የሴት እጅ ወይ ነጭ ነው፣ ወይ ቀለበት ይገባበታል፣ ወይ ሰው ይስመዋል። የሚሠራ እጅ ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ሳምንት የጠቀለልኩት ሲጋር በዓመቱ ውስጥ ከጠቀለልኩት ሁሉ ይበልጣል፤ ኡርባኖ አንዱን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ካገላበጠ በኋላ ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

ወንድም እኔም አለኝ። ያ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ስለ እጅ ካነሳሁ፣ ቀኝ እጄ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ይተኛል። አያመኝም። ደንዝዞ ይሄዳል፤ ከዚያ እየወረረኝ ይመለሳል። ለማንም አልተናገርኩም። እጁ የሚተኛ ሰው ከጠረጴዛው ተነስቶ ወደ ኋላ ክፍል ይዛወራል፤ እዚያ የቅጠሉን የመሃል ጅማት ሲነቅሉ ይውላሉ። ሥራው ቀላል ነው፣ ሴቶቹም ደጎች ናቸው። ድምፅ ማጉያው ግን እዚያ አይደርስም። በዚያ ክፍል የሚሰማው እርስ በርስ የሚያወሩት ነው፤ የሚያወሩትን ደግሞ ሰምቼዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ በዝናብ መጣ። ከመጠጥ ቤት አባረውታል። በሩን አንኳኳ። በስሟ ጠራት፤ ከተመለሰ ጀምሮ በስሟ ሲጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። እሷ ከውስጥ ቆማለች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ኢዳልሚስም ለአንድ ጊዜ እውነተኛ ዝናብ አግኝታ አምሮባታል። እኔ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቅጠሉን መቁረጥ ረስቻለሁ። ያኔ እጄ ተኛ። ቢላዋው ወደቀ።

ብረት በሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ትንሽ ድምፅ አይደለም። ኢዳልሚስ ንባቧን አቆመች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እማማ ኤውፌሚያ እንኳ ጣሉ» አለ አንዱ ከኋላ።

ወዲያው አንድ ቢላዋ ተጣለ፤ ሌላ ተከተለ፤ ከዚያ መቁጠር አይቻልም ነበር። ኔሬይዳ እኔን አየች፣ ቢላዋዋን አየች፣ ጣለችው። ሌኦኒደስ መነጽሩን አስተካክሎ ጣለ። ኢዳልሚስ መጽሐፉን ዘጋች።

ዘመኔን ሙሉ አስተያየቴን የጠየቀኝ የለም። ያልሰጠሁትን አስተያየት ግን በአንድ ትንፋሽ ተቀበሉት። «እጄ ነው» ማለት እችል ነበር። ኡርባኖ በሩ ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ቢላዋዬን አነሳሁ።

ከሥራ ስንወጣ ከኔሬይዳ ጋር አብረን ነው የምንሄደው።

«ሰውየው በጣም በስብሶ ይሆናል» አልኳት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ወንድሟ።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የጣልሽው?»

«እኔ ስለ ዝናቡ ነው የማወራው።»

«ዝናቡን ተዪው። አሰልቺ መጽሐፍ ነበር።»

«ምኑ ነው ያሰለቸሽ?»

«አንቺን ያሰለቸሽ ነዋ።» ጥቂት ተራመደች። «እኔ እንኳ ትከፍትለታለች ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሱቁ አዞረች። «ግን አሰልቺ ነበር።»

ቅዳሜ ሩዝ ስለቅም ሴትዮዋ መቀርቀሪያው ላይ ናት። ልብስ ሳሰጣ መቀርቀሪያው ላይ ናት። ሰው እንዲህ አቁመውት አይሄዱም። እኔ ብሆን አልከፍትም። እሷ ግን እኔ አይደለችም፤ መጽሐፍ የሚነበበውም ለዚህ ይመስለኛል። በራሴ በር ላይ የማደርገውንማ አውቃለሁ፤ መጽሐፍ አያስፈልገኝም።

በዚያው ቀን የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሞራውም ቢኖር በመነጽር በቀን ግማሽ ገጽ ብገፋ የገና በዓል ሳይደርስ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች።

«ለልጅ ልጅዎ ነው፣ እማማ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ለራሴ ነው።»

«ባለሥዕሎቹ በዚያ በኩል ናቸው።»

«ሥዕል አልጠየቅኩሽም። ጨው የምትሰበስበዋን ሴትዮ መጽሐፍ ስጪኝ።»

አሁን ቀና አለች። «እሱ የለም። ትናንት ማምሻውን ኢዳልሚስ መለሰችው፤ ዛሬ ገና በር ሳንከፍት ሲጠብቅ የነበረ ሰው ወሰደው። ከእናንተው ፋብሪካ ነው እኮ። ያ መነጽር የሚያደርገው፣ ድልድይ የተማረው።»

«እሱ መጽሐፉን አይወደውም» አልኳት።

«እንጃ፣ እማማ። እየሮጠ ነው የወጣው።»

ሰኞ ምሳ ላይ ሌኦኒደስ ሰሃኑን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እማማ ኤውፌሚያ፣ ዓርብ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው።»

«ምን አደረግኩ?»

«ሁላችን የተሰማንን፣ ግን ለመናገር ያልደፈርነውን ነገር በአንድ ቢላዋ ተናገሩት።»

«ምን ነበር የተሰማችሁ?»

«መዋቅሩ ልል ነው። ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ሴትየዋ ፍላጎቷን አትገልጽም።» ጥቁር ባቄላውን በማንኪያው እያማሰለ ይናገራል። «እርስዎ ይህን በደመ ነፍስ ነው ያወቁት። እኔ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።»

«ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለና ቦርሳውን ከጉልበቱ አንስቶ ከወንበሩ ሥር አደረገው። «የተጣለ መጽሐፍ ለምን አነብባለሁ?»

«ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ። ሩዝህን ብላ።»

ሩዙን በላ። ከዚያ ኮሚቴው ባዶውን ቦታ ለእኔ ሊሰጠኝ እንደወሰነ ነገረኝ።

«እኔ አድማጭ ነኝ» አልኩት።

«እሱን ያልኩት ተሳስቼ ነው። ዓርብ ያሳዩን የአንባቢ ፍርድ ነበር። የመጀመሪያውን ምርጫም ለእርስዎ እንተወዋለን። ረቡዕ መድረኩ ላይ ወጥተው በማይክሮፎን ያሳውቃሉ።» ሦስት መጽሐፍ አስቀመጠልኝ፤ አንዱ የባሕር ወንበዴዎች፣ አንዱ አንገቷን ስለተቆረጠች ንግሥት፣ አንዱ ስለ ፈረስ። «ማናቸውንም ይምረጡ። አዳራሹ ይቀበልዎታል።»

ይቀበለኛል። እሱን አይቻለሁ።

ስመኘው የኖርኩት ነገር እንዲህ መጣ። እምቢ ለማለት ቅዱስ መሆን ያስፈልጋል፤ እኔ ቅዱስ አይደለሁም፣ እሺ አልኩ። ነገሩን ግን ከሁለቱም ወገን አየሁት። ዝም ካልኩ ወንበሬ አለኝ፣ ጠረጴዛዬ አለኝ፣ መጽሐፍ እመርጣለሁ፤ ሴትዮዋ ግን እጇ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ትቀራለች፣ ሰውየውም ዝናቡ ውስጥ። ከተናገርኩ ኡርባኖ ይሰማል። ኡርባኖ ከሰማ የኋላ ክፍል ነው፣ የኋላ ክፍል ደግሞ ከእንግዲህ ምንም መጽሐፍ የለም ማለት ነው። ሌኦኒደስን ለብቻው ጠርቼ ብለምነው በሹክሹክታ ይነግረኝ ነበር። ግን እኔ ለብቻ የሚነገር ነገር አልወድም፤ በተለይ ከሚዋሽ ሰው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ደረጃው ከታች እንደሚታየው አይደለም፣ ይረዝማል። ኢዳልሚስ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ አስተካከለችልኝ። ከላይ ሲታይ አዳራሹ ሙሉ ሽበትና ራሰ በራ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ከላይ ይታያል። ኡርባኖ እንደወትሮው በሩን ተደግፏል።

«የመረጥኩት ጨው የምትሰበስበዋን ሴት ነው» አልኩ። «ከቆመበት ይቀጥል።»

ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መጣ።

«እማማ» አለ ሌኦኒደስ ከሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩ። «የተጣለ መጽሐፍ አይነሳም። ሕጉ ነው። ደግሞም የጣሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«እኔ አልጣልኩም። ወደቀብኝ። የጣላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«መጣል የሰው ነው፣ መውደቅ የቢላዋው ነው። እጄ ይተኛል። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ይተኛል። ዓርብ ዕለት የተኛው ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ ነው፤ ከዚያ የከፋ ሰዓት ማግኘት አይችልም ነበር።»

ኡርባኖ ከበሩ ላይ ቀና አለ። አየሁት፤ እሱም እንዳየሁት አየ።

«እኔ እርስዎን አይቼ ነው የጣልኩት» አለ አንዱ።

«እኔ ኔሬይዳን አይቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንተን።»

«እኔ አበልጄን ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ ነው» አለች ኔሬይዳ። «ሰው በአደባባይ ቢላዋ ሲጥል ብቻውን ይተዋል እንዴ?»

«ታዲያ መጽሐፉን የጠላው ማነው?» አልኩ በማይክሮፎኑ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «እኔ የምር ጠልቼው ነበር» አለ። «ጨው በጣም በዛ።»

«ያንተ አንድ ቢላዋ ነው። እጅህን አውርድ።»

አወረደ። ኡርባኖ በረድፎቹ መሃል መጥቶ ከመድረኩ ሥር ቆመ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው ሰውን ወደ ኋላ ክፍል የሚወስዱት፤ ለጤናሽ ብለው።

«እማማ ኤውፌሚያ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ማይክሮፎኑ ግን ያዘውና ለሁሉም አሰማው። «የእጅዎን ነገር ቢሮ ይምጡና እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን። ወደ ኋላ የምትወስደኝ ከሆነ ትወስደኛለህ። የምትወስደኝ ግን መጽሐፉ ሲያልቅ ነው።»

ኡርባኖ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ወደ በሩ ግን አልተመለሰም። ባዶ የነበረው የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሌኦኒደስ ግን አሁንም ቆሟል፤ ቦርሳው ከወንበሩ ሥር ነው። ጆሮው ቀልቷል። «እማማ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ከሆነ ሕጉን ከምናፈርስ እኔ በአጭሩ ልነግርዎ እችላለሁ» አለ። «እንዲያው አጋጣሚ ሆኖ አይቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ...»

«ሌኦኒደስ» አልኩት። «አፍህን ያዝ። ከወንበርህ ሥር ያለውን ቦርሳ ክፈትና መጽሐፉን አውጥተህ ለኢዳልሚስ ስጣት። አንቺም ልጄ፣ ዝናቡ ከጀመረበት መልሰሽ አንብቢልኝ፤ ቀስ ብለሽ፣ አንድም ቃል ሳትዘዪ።»